ሰምቶ እንዳልሰማ የሆነው ማሽን

የአውቶቡስ ድርጅቱ ዋና ሕንፃ ውስጥ፣ ከደረጃው ሥር፣ ረጅም ሰው ጎንበስ ብሎ የሚገባባት አንዲት ክፍል ነበረች። በሯ ላይ «የተረሱ ዕቃዎች ክፍል» የሚል ሰሌዳ ተሰቅሏል፤ ከሰሌዳው ሥር ደግሞ አንድ ተሳፋሪ ወረፋ ሲሰለቸው ይመስላል፣ በእርሳስ «እኛንም አትርሱን» ብሎ ጽፏል። ጽሑፉን ማንም አላጠፋውም። የክፍሉ ኃላፊ «እውነቱን እኮ ነው» ብሎ ተወው።

ይህን ሰው ሁሉም የሚጠራው ቁልፌ እያለ ነው። እውነተኛ ስሙ ያለው ደመወዝ መክፈያው ላይ ብቻ ነበር። አንገቱ ላይ አሥራ አንድ ቁልፍ የተንዠረገገበት ገመድ ያጠልቃል፤ ክፍሉ ግን ያለው አንድ በር ነው። አሥሩ ቁልፎች አውቶቡስ ላይ ተረስተው ባለቤት ያጡ ናቸው። «ለምን መደርደሪያ ላይ አታስቀምጣቸውም?» ሲሉት፣ «ቁልፍ ብቻውን ሲሆን ይጠፋል፤ ከሰው ጋር ሲውል ይሻለዋል» ይል ነበር።

በዚያች ክፍል አሥራ ሰባት ዓመት ሠርቷል። ማንም ይምጣ ማን፣ ምን እንደጠፋበት ሳይናገር ገና ከበሩ «ይገኛል!» ይለዋል። ከዚያ ወንበር ይስባል። የትኛው መስመር ነበር? በቀኝ መስኮት ነው በግራ? ከጎንዎ ማን ተቀምጦ ነበር? ወፍራም ነው ቀጭን? ምን ሲያወራዎት ነበር? እንዲህ እንዲህ እያለ አንድ ጓንት ፍለጋ የመጣች ሴት የእህቷን ሠርግ፣ የአማቷን ጠባይና የጎረቤቷን ውሻ ተርካ፣ ጓንቷን ተቀብላ፣ እንባዋን ጠርጋ ትወጣለች። ወረፋው ደግሞ ከደረጃው ሥር ተነሥቶ እስከ ትኬት መስኮቱ ይደርሳል።

አንድ ሕግ ግን ነበረው፤ ከእሱ በፊት ከነበሩት ሽማግሌ የወረሰው። የዕቃውን ስም ከባለቤቱ አፍ ሳይሰማ ከራሱ አፍ አያወጣም። «የጠፋብዎት ዣንጥላ ነው?» ያልክ ቀን፣ ከተማው ሁሉ ዣንጥላ ጠፍቶበት ያድራል። ስሙን ከተናገሩ በኋላ ደግሞ ምልክቱን ይጠይቃል። ምልክቱን የተናገረ ይወስዳል።

ታዲያ አንድ ሰኞ ጠዋት ከሥራ አስኪያጁ ቢሮ አንዲት ቁራጭ ወረቀት መጣች።

ሥራ አስኪያጁ በፊት ጊዜ ንግግር የሚወዱ ሰው ነበሩ። ስብሰባ ከጀመሩ ወንበር የሚሞቅባቸው፣ ሻይ የሚቀዘቅዝባቸው። ከሁለት ወር ወዲህ ግን ተለውጠዋል። መሐረብ አፋቸው ላይ ያደርጋሉ፤ አይስቁም፤ የሚያዙትንም በወረቀት ያዛሉ። ሠራተኛው «ኮስታራ ሆኑ» ብሎ ፈራቸው። በኮሪደሩም ላይ በፊርማቸው ያወጡት ማስታወቂያ እንደተለጠፈ ነበር፤ «ዕቃውን አውቶቡስ ላይ የሚረሳ የድርጅቱ ሠራተኛ እንደ ቸልተኛ ይቆጠራል» ይላል።

ወረቀቷ እንዲህ ትላለች፦

«የክፍልህ ወረፋ መተላለፊያውን ዘግቷል። ኮምፒውተር ይሰጥሃል። እስከ ሐሙስ አራት ሰዓት ማሽኑ ራሱ ጠያቂ፣ ራሱ መላሽ ካልሆነ ክፍሉ ለጎማ ማከማቻ ይሰጣል። አንተም ወደ ዋናው በር ጥበቃ ትዛወራለህ። መደርደሪያዎቹን እኔው ራሴ ቆሜ አራግፋለሁ።»

ትኬት ቆራጯ ወረቀቷን ተቀብላ ሁለት ጊዜ አነበበች። ምላሷ ከትኬት መቁረጫዋ የተሳለ ልጅ ነበረች።

«ጋሽ ቁልፌ፣ ሌላው ሁሉ ገብቶኛል። ሥራ አስኪያጅ ምን ቆርጧቸው ነው መደርደሪያ የሚያራግፉት? አቧራ ናፍቋቸው ነው?»

ቁልፌ ግን አልሳቀም። ዓይኑ መደርደሪያ ሁለት ላይ ነበር፤ አንድ እግር ብቻ የሕፃን ጫማ፣ ክራር የሌለው የክራር ማኅደር፣ ፍሬሙ የተሰበረ የሙሽሮች ፎቶ። «ጎማ ሲገባ እነዚህ ይጣላሉ» አለ። «ነገ ባለቤቱ ቢመጣ ምን ልለው ነው? አሥራ ሰባት ዓመት ይገኛል ስል ኖሬ?»

ቤቱ ሲገባ ሚስቱ የልብስ ስፌት መኪናዋ ላይ አጎንብሳ ነገሩን ሁሉ ሰማችና ክሩን በጥርሷ በጠሰችው።

«አንተ? በር ጥበቃ? አውቶቡሱን ሁሉ አስቁመህ ‹ከጎንዎ ማን ተቀምጧል› ስትል ከተማው ቀጥ ይላል። ይልቅ ማሽኑን ተማር።»

ኮምፒውተሩ ማክሰኞ ማለዳ ከላይኛው ፎቅ በሁለት ተሸካሚ ወረደ። ጀርባው እንደ ጎተራ የወፈረ፣ መስኮቱ ጥቁር፣ ጥግ ላይ አንዲት ነጭ ጭረት ብልጭ ድርግም የምትልበት ነበር። ሥዕል የለው፣ የሚነካ ነገር የለው። ትጽፍለታለህ፣ ይጽፍልሃል፤ በቃ።

ደግነቱ መደርደሪያ አራት ላይ አንድ ሽፋኑ የተገነጠለ ወፍራም መጽሐፍ ነበረ፤ በዘጠኝ ቁጥር አውቶቡስ ከተገኘ ሦስት ዓመቱ ነው፣ ጠያቂ የለውም። ለኮምፒውተር ትእዛዝ አጻጻፍ የሚያስተምር የድሮ መማሪያ ነው። ቁልፌ ሰኞውኑ መዝገቡን ገልጦ «ተዋሽ፦ ቁልፌ። አዋሽ፦ ቁልፌ» ብሎ በሁለቱም በኩል ፈርሞ ወስዶት ነበር።

እንዲህ ያለ መጽሐፍ ዛሬ አይጻፍም። እንደ አባት ነው የሚያናግር። «ውድ ተማሪ ሆይ፤ ፕሮግራም ማለት ጆሮና አፍ ያለው ሎሌ ነው። በፊደል ገበታው ይሰማል፤ በመስኮቱ ይናገራል። ጌታው ያላዘዘውን አይሰማም፤ ያላዘዘውንም አይናገርም። መልመጃ አንድ፦ ሎሌህ የእንግዳውን ስም ጠይቆ ሰላምታ እንዲሰጥ እዘዘው።» ትንሽ ዝቅ ብሎም፣ ሎሌው ሁለት አፍ አለው ይላል፤ አንዱ ለመልስ፣ አንዱ ለስሞታ።

«ሁለት አፍ!» አለች ሚስቱ፤ ሰኞ ማታ ከእራት በፊት ሲያነብላት። «እኔ ሁለቱንም በአንድ አፍ አይደል የማካሂደው?»

ማክሰኞ ጠዋት ቁልፌ የመጀመሪያውን ትእዛዝ ጻፈ። ማሽኑ «ምን ጠፋብዎት?» ብሎ ይጠይቅ፤ መልሱን ይቀበል። ባለ ባርኔጣ ሽማግሌ ማሽኑ ፊት አስቀመጠና፣ ሥራው የማሽኑ ነው ብሎ ዕቃ ሊያስተካክል ወደ መደርደሪያዎቹ ጀርባ ገባ። ሲመለስ ሽማግሌው እንደተቀመጡ ናቸው። ማሽኑ ጥቁር እንደሆነ ነው። ጭረቷ ብልጭ፣ ሽማግሌው ብልጭ። ግማሽ ሰዓት ተፋጠዋል።

«አባባ፣ ምነው ዝም አሉት?»

«እሱም ዝም አለኛ! እንግዳ እኔ ነኝ፤ ይጀምር እንጂ።»

ሽማግሌው ተናደው ባርኔጣቸውን ፊደል ገበታው ላይ ወረወሩት። መስመር መዝጊያው ቁልፍ ተጫነ መሰለኝ፣ ማሽኑ ያን ጊዜ «ምን ጠፋብዎት?» አለ። ወዲያው ደግሞ ባርኔጣው የጻፈውን ተቀብሎ አመሰገነ።

ቁልፌ መጽሐፉን ገለጠ። «ውድ ተማሪ ሆይ፤ ሎሌህ ቃሉን ጉሮሮው ላይ አጠራቅሞ መስመር እስኪሞላ ሊይዘው ይችላልና፣ ትፋው ብለህ ማዘዝን አትርሳ።» አዘዘው። ማሽኑም ተፋው። ሽማግሌውም የጠፋባቸውን ምርኩዝ ይዘው ሄዱ።

የማክሰኞው ከሰዓት በኋላ ግን የባሰ ነበር። ቁልፌ ደግ ሰው ነው፤ ደግነቱ ጉድ ሠራው። ሰው በጽሑፍ እንዳይቸገር ብሎ ክፍሉ ውስጥ ያለውን ዕቃ ሁሉ በተራ ቁጥር መስኮቱ ላይ ዘርዝሮ፣ «የእርስዎን ቁጥር ይጻፉ» አስባለ። በአሥራ ሰባት ዓመት ከአፉ ያላወጣውን የዕቃ ስም ማሽኑ በአንድ ትንፋሽ ዘረገፈው። ሰባተኛው ላይ «አዲስ የቆዳ ቦርሳ፣ ባለ ዘለበት» የሚል ነበር።

አሥራ አራት ሰው ሰባት ቁጥርን ጻፈ። ካልሲ ፍለጋ የመጣው ሰውዬ ሳይቀር።

«ጋሽ ቁልፌ» አለች ትኬት ቆራጯ አንገቷን በመስኮቷ አውጥታ፣ «ቦርሳው የኔም ነው። ገና አላየሁትም እንጂ።»

ቁልፌ በሩን ዘግቶ ዝርዝሩን አጠፋ። አፍሯል። ማሽኑን ሳይሆን ሕጉን ያወረሱትን የቀድሞውን ሽማግሌ ነበር ያፈረው።

ረቡዕ ጠዋት ማሽኑ መልካም ሎሌ ሆነ። ይጠይቃል፤ ሰው የጠፋበትን ራሱ ይጽፋል፤ ማሽኑ ከተመዘገበው ጋር አመሳክሮ፣ ካለ ምልክቱን ይጠይቃል፤ ከሌለ ደግሞ ይናገራል። እዚህ ላይ ቁልፌ ተቸግሮ ነበር። መጽሐፉ «የለም በለው» ይላል፤ የቁልፌ እጅ ግን «የለም» ብሎ አልጽፍ አለው። ሦስት ጊዜ ጀምሮ አጠፋ። በመጨረሻ «እስካሁን እጃችን አልገባም፤ ግን ይገኛል» ብሎ ጻፈና ተነፈሰ።

ወረፋው እየገፋ ሳለ ክራባት ያሠረ፣ ጫማው መስተዋት የሆነ ሰውዬ ተራው ደረሰ። ቀስ እያለ «የመኝታ ቆብ፣ ባለ ጥንቸል ጆሮ» ብሎ ጻፈ። ሲጽፍ ፊደሉ አንድ በአንድ መስኮቱ ላይ ይወጣል። ከኋላው ያለው ወረፋ ደግሞ ሥራ የለው፣ አብሮ ያነባል።

«ጆሮው ይታጠፋል ወይስ ቀጥ ያለ ነው?» አለ አንዱ ሾፌር።

ሰውዬው ደም መስሎ የጻፈውን አጠፋና «ዣንጥላ» ብሎ ጻፈ። ዣንጥላ አልነበረም። ወጥቶ ሄደ። ቆቡ መደርደሪያ አንድ ላይ፣ ሁለቱን ጆሮዎቹን ቁልቁል አንጠልጥሎ ቀረ።

ቁልፌ ያን ቀን ምሳውን አልበላም። ዕቃው እያለ፣ ባለቤቱ መጥቶ፣ ባዶ እጁን ሄደ! እንዲህ ያለ ነገር በዚህ ክፍል ሆኖ አያውቅም። ያኔ እኮ ሰው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ በጆሮው ይነግረው ነበር። መጽሐፉን ሲያገላብጥ አገኘው፦ «ሎሌህ የሚስጥር ቃል ሲቀበል፣ የተጻፈው በመስኮቱ እንዳይታይ አድርጎ መስማት ይችላል። ጸሐፊው ይጽፋል፤ መስኮቱ ግን ባዶ ይሆናል።» ከዚህ በኋላ ያለው ገጽ ከሚቀጥለው ጋር በሙጫ ይሁን በማርማላታ ተጣብቋል። ቁልፌ አልታገለውም። ይኼው በቂ ነው አለ።

ትእዛዙን ቀይሮ ትኬት ቆራጯን ጠራት።

«ነይ፣ አንቺ ሞክሪው። የፈለግሽውን ጻፊ። አይታይም።»

«ጨርሶ?»

«ጨርሶ። እኔም ፊቴን አዙሬያለሁ።»

ከኋላዋ ስምንት ሰው ቆሟል። እሷ ደግሞ ፊቷን ቅጭም አድርጋ ጻፈች። መስኮቱ ባዶ ነው፤ አንዲት ፊደል አልወጣችም። ደስ አላትና መስመር መዝጊያውን ተጫነች።

ማሽኑም በትልልቅ ፊደል፣ ለሰማይ ለምድር፣ እንዲህ አለ፦

«የጠፋብዎት ዕቃ፦ ባል። እስካሁን እጃችን አልገባም፤ ግን ይገኛል።»

ወረፋው በሳቅ ፈረሰ።

«በየትኛው መስመር ነው የጠፋው?» አለ ያ ሾፌር።

«ምልክቱን ጠይቃት እንጂ፣ ማሽኑ!» አለ ሌላው።

«ጋሽ ቁልፌ!» ጆሮዋ ድረስ ቀልታለች። «አይታይም አላልክም?»

«ስትጽፊ አይታይም አልኩ እንጂ…»

«ታዲያ ይኼ ምኑን ምስጢር ጠበቀ? በጆሮዬ ሹክ በይኝ ብሎ፣ ቀጥሎ በጥሩምባ የሚነፋ! የኛ ሰፈር ዕድር ለፋፊ እንኳ ቤት ድረስ እስክትገባ ይታገሥሃል!»

ቁልፌ በትኬት መቁረጫዋ ምላጭ የተጣበቀውን ገጽ ቀስ ብሎ ለየው። እዚያ፣ ከማርማላታው ሥር፣ እንዲህ ይላል፦ «ውድ ተማሪ ሆይ፤ አንድ ነገር አደራ። የሰማውን ፈጽሞ የማይመልስ ሎሌ ደንቆሮ ይባላል፤ የሰማውን ሁሉ መልሶ የሚናገር ግን ወሬኛ ነው። በስውር የሰማኸውን በግልጽ አታትም።»

«ይኼን ፊት ላይ አያስቀድሙትም?» አለች።

ቁልፌ የመልሱን መስመር ቆርጦ አስተካከለው። ከዚህ በኋላ ማሽኑ የዕቃውን ስም አይጠራም። ካለ፣ መደርደሪያና ቁጥር ብቻ ይናገራል። የቀድሞው ሽማግሌ ሕግ ነው፤ ከአፉ አያወጣም።

«ለማንኛውም» አለ ቀስ ብሎ፣ «ይገኛል።»

«አንተ ደግሞ!» ብላ በትኬት ደብተሯ ትከሻውን መታችው።

ሐሙስ አራት ሰዓት ላይ ሥራ አስኪያጁ መሐረባቸውን አፋቸው ላይ እንዳደረጉ ጎንበስ ብለው ገቡ። ከኋላቸው የጋራዡ ኃላፊ ሜትር ይዘው ተከተሉ፤ ገና ሰላም ሳይሉ ግድግዳውን መለካት ጀመሩ። «እዚህ ስድስት ጎማ ይገባል። እዚያ አራት። ያ ጥንቸል ነገር ከተነሣ አምስት።»

ትኬት ቆራጯ መስኮቷን ዘግታ መጥታ በሩ ላይ ቆማለች። ቁልፌ ቁልፎቹን በእጁ ጨብጧል፤ እንዳይንቃጨሉ።

«ጌታዬ፣ ይሞክሩት» አለ። «የጠፋብዎትን… ማለቴ፣ የጠፋበት ሰው መስለው፣ አንድ ነገር ይጻፉ። ሲጽፉም አይታይም፤ ሲመልስም አይጠራውም። እኛም ፊታችንን እናዞራለን። ይዙሩ!» አለ ወደ ጋራዡ ኃላፊ። እሳቸውም ሜትራቸውን እንደዘረጉ ዞሩ።

ሥራ አስኪያጁ ወንበሩ ላይ ሲቀመጡ ተሰማ። ቆዩ። ከዚያ በአንድ ጣት ቀጭ ቀጭ ቀጭ አደረጉ። ዝም። መስኮቱ ባዶ ስለሆነ አልሰማኝም ብለው መሰለኝ፣ ያንኑ ያህል ጊዜ፣ አሁን ጠንከር አድርገው፣ ቀጭ! ቀጭ! ቀጭ! ከዚያ መዝጊያው።

«እስካሁን እጃችን አልገባም፤ ግን ይገኛል» አለ ማሽኑ።

የጋራዡ ኃላፊ ከትከሻቸው በላይ አጮልቀው አነበቡት። «አለቀ» አሉ። «ጎማውን ከሰዓት በኋላ አስገባለሁ።»

ቁልፌ ፊቱን ሳያዞር ሥራ አስኪያጁ ሲተነፍሱ ሰማ። በአሥራ ሰባት ዓመት ያን ትንፋሽ ሺህ ጊዜ ሰምቶታል። የሚሞክር ሰው እንዲያ አይተነፍስም። የጠፋበት ሰው ነው እንዲያ የሚተነፍስ።

«ጌታዬ» አለ በለሆሳስ፣ ግድግዳውን እያየ። «ማሽኑ ሰምቶዎታል። ሰምቶ እንዳልሰማ ስለሚሆን ነው። ሁለት ጊዜ ስለነገሩት ግራ ገባው። አንዴ ብቻ፣ ቀስ ብለው ይንገሩት። አይቸኩሉ፤ ይገኛል።»

ሥራ አስኪያጁ ወንበሩን ወደ ማሽኑ አስጠጉ። ከዚያ፣ ቀጭ ቀጭ ቀጭ። መዝጊያው።

«አለ። ምልክቱ ምንድን ነው?»

ትኬት ቆራጯ አፏን በእጇ ያዘች። እንደገና ቀጭ ቀጭ ተባለ፤ አሁን ረዘም ያለ ነው።

«ትክክል ነው። መደርደሪያ ሦስት፣ ቁጥር አርባ አንድ።»

ቁልፌ ዞሮ መልሱን አነበበና ወደ መደርደሪያ ሦስት ሄደ። አርባ አንድ ቁጥር ላይ ያለችው ክብ የብስኩት ቆርቆሮ ናት። ክዳኗን ትንሽ ከፈት አድርጎ አየና ወዲያው ከደነ። ከሁለት ወር በፊት በዘጠኝ ቁጥር አውቶቡስ፣ የኋላ ወንበር ላይ፣ በመሐረብ ተጠቅልሎ የተገኘ ሰው ሠራሽ የላይ ጥርስ ነው፤ ከግራ ሁለተኛዋ ወርቅ። እሱ ራሱ ነበር የመዘገበው።

ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ ተገለጠለት፤ መሐረቡ፣ ኮስታራነቱ፣ ቁራጭ ወረቀቱ። ያ የኮሪደር ማስታወቂያም። ያን የጻፈ ሰው እንዴት ብሎ መጥቶ ከወንበሩ ላይ «ጥርሴን ረሳሁ» ይላል? መደርደሪያውን «እኔው ራሴ አራግፋለሁ» ያሉትም አቧራ ናፍቋቸው አልነበረም።

ቁልፌ ቆርቆሮዋን በጋዜጣ ጠቀለላት። አሥሮ በሁለት እጁ ሰጣቸው። ሥራ አስኪያጁ ዓይን ዓይኑን አዩት። እሱ የርክክቡን ወረቀት አቀረበላቸው፤ «የዕቃው ስም» በሚለው ቦታ ላይ «አርባ አንድ» ብቻ ተጽፏል።

ፈረሙና ጥቅሉን በብብታቸው ይዘው በፍጥነት ወጡ።

«ምንድን ነበር?» አሉ የጋራዡ ኃላፊ።

«የሰው ዕቃ» አለ ቁልፌ።

«ብስኩት ይመስላል።»

«ይሆናል።»

ትንሽ ቆይቶ በሩ ተከፈተ። ሥራ አስኪያጁ ነበሩ፤ መሐረቡ ኪሳቸው ገብቷል። ፈገግ አሉ። የክፍሉ አንድ አምፖል ብርሃን ወርቋ ጥርስ ላይ አረፈና ብልጭ አለች። ትኬት ቆራጯ ወርቋን አየች፤ ጋዜጣውንም አስታወሰች፤ ነገሩ ገባትና ሳቋን ለመዋጥ ጥንቸሉን ቆብ ከመደርደሪያ አንሥታ ፊቷን ከለለችበት።

«ሜትርህን ጠቅልል» አሉ ለጋራዡ ኃላፊ። «ጎማ ዝናብ አይፈራም፤ ውጭ ይደር። ይህ ክፍል የድርጅታችን የጀርባ አጥንት ነው። እንዲያውም፣ የተረሳ ዕቃን በተመለከተ አንዳንድ ሰዎች ቸልተኝነት ይሉታል፤ እኔ ግን ከመጀመሪያው የተለየ አቋም ነበረኝ…»

ወንበሩን ስበው ተቀመጡ። ሁለት ወር የተጠራቀመ ንግግር ነው፤ ትፋው ተብሎ የታዘዘ። ስለ ድርጅቱ አመሠራረት ተናገሩ፤ ስለ መጀመሪያው አውቶቡስ፣ ስለ ልጅነታቸው፣ ስለ አጎታቸው በቅሎ። በስምንተኛው ደቂቃ የጋራዡ ኃላፊ ሜትራቸውን አጥፈው ሾልከው ወጡ። ቁልፌ ግን ከልቡ እየሰማ፣ «በቀኝ በኩል ነው በግራ የተቀመጡት?» እያለ ይጠይቃቸው ነበር።

ወረፋውን ማሽኑ ያዘው። ይጠይቃል፣ ሰምቶ ዝም ይላል፣ ቁጥር ይሰጣል፤ ዕቃውን ትኬት ቆራጯ ከመደርደሪያ እያወረደች ታድላለች። ወደ ስድስት ሰዓት ገደማ ክራባት ያሠረው ሰውዬ በሩን በዝግታ ገፋ አድርጎ ገባና፣ ግራ ቀኝ አይቶ፣ ማሽኑ ፊት ተቀመጠ። የሚጽፈው አልታየም። ትኬት ቆራጯም አልጠየቀችውም፤ ቆቡን ጆሮዎቹን አጥፋ በጋዜጣ ጠቀለለችለት።

ሰውዬው ጥቅሉን ተቀብሎ እግሩን ወደ በሩ ሲያነሣ ግን፣ ጥግ ላይ አንገታቸውን ወደፊት ሰግገው የሚያወሩትን ሥራ አስኪያጅ አይቶ ቆመ።

«እሳቸው ደግሞ ምን ጠፍቶባቸው ነው?» አላት በሹክሹክታ።

«ተገኝቶላቸዋል» አለች። «አሁን የጠፋው ዝም የሚያሰኛቸው ነው።»

ቁልፌ ከጥጉ ሰማት መሰለኝ፣ ፊቱን ሳያዞር እጁን አነሣ።

«ይገኛል» አለ።